ከውጭ የሚቀረቀረው የጉብኝት ዋሻ

ሰኔ 24 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለክቡር ጓድ መሸሻ አየለ
የቀበሌያችን ከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር
ኮልፌ

ጉዳዩ፦ የባለቤቴ የዋሻ ጉብኝት እንዲያበቃ ስለ መጠየቅ

ክቡር ሊቀመንበር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በቅርቡ ከእጩነት ወደ ሙሉነት ይሸጋገራል የሚባልልዎ የፓርቲ አባልነትዎ ሁሉ ደኅና እንደ ሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። የዘንድሮ ሰኔ አመጣጡ ስላላማረኝ፣ እግርዎ እርጥብ ነገር እንዳይረግጥ፣ ብርድ ልብስዎም ከትከሻዎ እንዳይንሸራተት አደራ እላለሁ። ብርድ ክፉ ነው፤ የያዘውን ሰው ቶሎ አይለቅም።

እኔን እርስዎ ያውቁኛል። ሆኖም ይህን ደብዳቤ በቀበሌያችን የግድግዳ ጋዜጣ ላይ የሚያነብ ሌላ ሰው ግራ እንዳይጋባ ራሴን ላስተዋውቅ። አጸደ ሀብተሥላሴ እባላለሁ። በቀበሌያችን የልብስ ስፌት ኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በየመንገዱ የተሰቀለውን ቀይ ከፋይ ከሰፉት እጆች ሁለቱ የእኔ ናቸው። ባለቤቴ አቶ አምሐ ሀብተማርያም ደግሞ ከዘነበወርቅ ፌርማታ ወረድ ብሎ ባለው ወፍጮ ቤት የሚሠራ፣ ቀኑን ሙሉ ዱቄት ለብሶ የሚውል፣ ቀልድ የሚወድ ሰው ነው። ግንቦት ሊያልቅ ሲል በእርስዎ ግብዣ አዲሱን የጉብኝት ዋሻችንን ሊያይ ገባ፤ እስከ ዛሬ አልወጣም። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንዲወጣልኝ።

በጓዳ ማንሾካሾክ የአድኃሪያን ጠባይ እንደ ሆነ፣ እውነተኛ አብዮታዊት ሂሷን በአደባባይ ማቅረብ እንዳለባት ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ቢሮዎ ደጃፍ ላይ ደጋግሜ ቆሜ «ስብሰባ ላይ ናቸው» እየተባልሁ ስለተመለስሁ፣ ትምህርትዎን በሥራ ላይ ከማዋል በቀር ሌላ መንገድ አላገኘሁም። ስለዚህ ድፍረቴ የእርስዎ የትምህርት ፍሬ መሆኑን ተረድተው እንዲደሰቱበት እለምናለሁ።

አስቀድሞ ምስጋናዬን ልናገር። ባለፈው ዓመት ኮከብ ሠራተኛ ተብዬ፣ እርስዎን ተከትዬ ለእረፍት ወደ ኩባ ደሴት ስሄድ፣ በሕይወቴ ከአዋሽ ወዲያ ተሻግሬ አላውቅም ነበር። ያን ያህል ውኃ በአንድ ቦታ ተኝቶ፣ በጥር ወር ያን ያህል ሙቀት፣ ያን ያህል ሙዝ በአንድ ገበታ አይቼ አላውቅም። እርስዎም ካልሲዎን ሳያወልቁ ሱሪዎን እስከ ጉልበትዎ ጠቅልለው በአሸዋው ላይ ሲንሸራሸሩ ማየት ለአንድ ተራ የስፌት ሠራተኛ ትልቅ ዕድል ነበር። በሄድንበት ሁሉ ቃል በቃል ታስተረጉምልን የነበረችው፣ እዚያው ሕክምና የምትማረው የአገራችን ልጅ ብርቱካንም ይህንን ታስታውሳለች።

በእረፍታችን ማብቂያ ላይ በአውቶቡስ ወስደው ያሳዩን ዋሻ ግን ከሁሉ ይበልጥ ነበር። እግዜር፣ ይቅርታ፣ ተፈጥሮ የሠራችው አዳራሽ ነው። ደረጃው ታጥቧል፤ እጅ መደገፊያ ተበጅቶለታል፤ ከጣራው የተንጠለጠለው ድንጋይ በቀይና በሰማያዊ መብራት ያበራል፤ ጫፉ ላይ ያለው ጠብታ ሳይወድቅ ብዙ ይቆያል። ሰዎች ልጆቻቸውን ትከሻቸው ላይ አስቀምጠው ይሥቃሉ። መግቢያው በር አልነበረውም። ይህን ያስተዋልሁት ያኔ አይደለም፤ አሁን ነው።

ታችኛው አዳራሽ ስንደርስ አስጎብኚዋ አቆመችንና እውነተኛ ጨለማ ምን እንደሚመስል እንድናውቅ ለአንድ ደቂቃ መብራቱን እንደምታጠፋ ነገረችን። ብርቱካን አስተረጎመች። መብራቱ ጠፋ። በዚያች ደቂቃ በእርስዎ ላይ የሆነውን እዚህ ላይ አልጽፍም፤ ትሕትናዬ አይፈቅድልኝም። ከፊርማዬ በታች ቦታ ከተረፈኝ እመለስበታለሁ።

ወደ አውቶቡሱ ስንመለስ ፊትዎ አመድ መስሎ ነበር። በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ፣ «ይሄ ነገር ለእኛም ያስፈልገናል» አሉ። እኔ ሞኟ ስለ ቀይና ሰማያዊው መብራት የሚናገሩ መስሎኝ ነበር።

አገራችን በሰላም እንደገባን ያደረጉልንን ነገር ኮልፌ አይረሳውም። በጠቅላላ ስብሰባ ፎቶግራፎቹን እያሳዩ፣ ወንድም ሕዝቦች ዋሻ ሲኖራቸው እኛ የምናንስበት ምክንያት እንደሌለ አስረዱ፤ በአሮጌው የድንጋይ ካባ ውስጥ በሕዝብ ጉልበት የጉብኝት ዋሻ እንደሚቆፈርና የውጭ እንግዶች እንደሚጎርፉበት አበሠሩ። እሑድ እሑድ ዶማና አካፋ ይዘን ወጣን። የቀረ ሰው ከቀበሌው ሱቅ ስኳር እንደማያገኝ ስለተነገረን፣ ሽማግሌው ሁሉ ለቱሪዝም ያለው ፍቅር ድንገት ጨመረ። አምሐም ቆፍሯል። እኔም «እንኳን ደህና መጡ» የሚል መጋረጃ በወርቃማ ክር ሰፍቻለሁ።

ቅሬታዎቼ እንደሚከተለው ናቸው።

አንደኛ፤ የዋሻው የአየር ቀዳዳ ወደ ቆሼ እንዲዞር መደረጉ ነው። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር የከተማው ቆሻሻ ሽታ ሁሉ ተሰብስቦ የሚገባው ወደ ውስጥ ነው። የውጭ እንግዳ ይህን ሲያሸት ስለ አገራችን ምን ይላል? ቀዳዳው ደግሞ የሰው ራስ የማያሳልፍ ሆኖ መጥበቡ ለምን እንደ ሆነ ያን ጊዜ አልጠየቅንም። ቱሪዝም የማናውቀው ጥበብ ነውና ቁፋሯችንን ቀጠልን።

ሁለተኛ፤ መብራት የለውም። የታዘዙት አምፖሎች መዘግየታቸውን ሲነግሩን አዘንን፤ ቀጥለው ግን ጨለማው ራሱ አንዱ የጉብኝቱ ክፍል እንደ ሆነ ስላብራሩልን ተጽናናን። በደሴቲቱ ጨለማው ለአንድ ደቂቃ ብቻ ነበር። እርስዎ ለገዛ ወገንዎ ባለዎት ልግስና ያለገደብ አድርገውታል።

ሦስተኛ፤ በሩ። ይህ ቅሬታ በእርግጥ የእኔ ሳይሆን የባለቤቴ ነው፤ እሱ ራሱ እንዳያቀርበው ጉብኝት ላይ ስለሆነ እኔ በውክልና አቀርበዋለሁ። የላሜራው በር በተገጠመ ማግስት በተደረገው ስብሰባ፣ ጥያቄ ያለው እንዲጠይቅ ሲጋብዙ አምሐ ባርኔጣውን አውልቆ ተነሣ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ጎብኚ የሚገባው ወዶ፣ የሚወጣው ሲጠግብ ነው፤ ታዲያ መቀርቀሪያው ለምን በውጭ በኩል ሆነ?» አለ። አዳራሹ በሣቅ ተናወጠ። እርስዎም ሣቁ። ሁላችንም ካቆምን በኋላ እንኳ እርስዎ ትንሽ ቀጥለው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አብዮት ጥበቃው ጌታሁን ከሌላ ባልደረባው ጋር በራችን ላይ ቆሞ፣ «ጋሽ አምሐ፣ ሊቀመንበሩ ዋሻውን መጀመሪያ እርስዎ እንዲጎበኙት ይፈልጋሉ፤ ለአፍታ ነው» አለ። አምሐ እየሣቀ ወጣ። ጋቢውን ይዞ እንዲሄድ ብለምነው፣ «ለአፍታ ነው ሲሉሽ ምነው አጸዱ» ብሎኝ ወንበሩ ላይ ጥሎት ሄደ። ጋቢው እስካሁን ወንበሩ ላይ ነው። አላነሣሁትም፤ ካነሣሁት የማይመለስ ስለሚመስለኝ ነው። ለሌላ ሰው ይህ ሞኝነት ሊመስለው ይችላል፤ እርስዎ ግን ስለ ፍርሃት ከእኔ የበለጠ ስለሚያውቁ ይረዱኛል።

አራተኛ፤ የስንቅ ጉዳይ። ለጎብኚው ምግብ ከቤት እንዲመጣ ስለፈቀዱ እጅግ አመሰግናለሁ። በየቀኑ ምሳ ዕቃውን በጨርቅ ቋጥሬ እወስዳለሁ፤ ጌታሁን መቀርቀሪያው አጠገብ ተቀብሎኝ ይገባል፤ ባዶውን በማግስቱ ይመልስልኛል። ምሳ ዕቃው ተጠራርጎ ስለሚመለስ ደስ ይለኝ ነበር። ከበላ አለ ማለት ነው እያልሁ በዚያ ባዶ ዕቃ ተጽናንቼ አድር ነበር።

ታዲያ ሰኔ ገባ። የሰኔን ጾም ብዙው ሰው ለቄሶች ትቶታል፤ አምሐ ግን አይተወውም። ታምሞ ሐኪም «ወተት ጠጣ» ያለው ጊዜ እንኳ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ ሰው ነው። ይህ ከአብዮቱ ዓላማ ጋር እንደማይሄድ አውቃለሁ፤ ስለ እሱ ሂሴን ለብቻው አቀርባለሁ። በምስርና በሽሮ ከቀጠልሁ በኋላ ግን አንድ ቀን ልቤ አላርፍ አለኝና፣ ቅቤው ከላይ የሚንሳፈፍ ምንቸት አብሽ ሠርቼ ላክሁ። ባለቤቴ ውስጥ ካለ ሳይነካው እንደሚመልሰው፣ ምናልባትም ተቆጥቶ ቃል እንደሚልክብኝ አውቅ ነበር። ያን ቁጣውን ለመስማት ስል ነው ኃጢአት የሠራሁት።

ምሳ ዕቃው ተልሶ ተመለሰ። ጌታሁንም እያቀበለኝ፣ «የዛሬው ሙያዎ ልዩ ነው እትዬ አጸደ» አለኝ፤ ልጁ ክፋት የለበትም፤ የነገረኝም ምን እንደ ሆነ አላወቀም። እኔ ባዶውን ዕቃ ታቅፌ ካባው አፋፍ ላይ ተቀመጥሁ። ከግንቦት ጀምሮ ማንን ስመግብ እንደኖርሁ፣ ባለቤቴስ ከመቼ ጀምሮ እንዳልበላ እያሰብሁ ነው የዋልሁት። አሁንም ይህን ስጽፍ ከማሰብ አላቆምሁም።

አምስተኛ፤ ውኃ። ካባው የኮረብታውን ጎርፍ ሁሉ የሚቀበል ጉድጓድ እንደ ሆነ ከእኔ ጋር የቆፈሩት ሁሉ ያውቃሉ። በሚያዝያ አንድ ቀን ካፊያ በጣለብን ጊዜ ቁርጭምጭሚታችን ድረስ ውኃ ገብቶ ሥራው ተቋርጧል። እርስዎም ያን ዕለት ጫማዎ እንዳይበላሽ ከአፋፉ ላይ ሆነው ነው ያበረታቱን። ከሰሞኑ ደግሞ የሚጥለው ካፊያ አይደለም። ጣራዬን በመታው ቁጥር እኔ የማዳምጠው ጣራዬን አይደለም።

ስድስተኛ ቅሬታ አልነበረኝም። ትናንት ግን ተጨመረልኝ።

ትናንት ምሳ ዕቃዬን ይዤ ስሄድ ጌታሁን አልተቀበለኝም። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «እትዬ አጸደ፣ ከዛሬ ጀምሮ አያምጡ ተብሏል» አለኝ። ወደ ቤቱ ሊመለስልኝ ነው ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ «እኔ ምኑን አውቃለሁ፤ አያምጡ ነው የተባልኩት» ብሎ ፊቱን አዞረ። ክቡር ሊቀመንበር፣ ይህችን አነጋገር እናውቃታለን። በቀይ ሽብር ዘመን «ስንቅ አታምጡ» ተብለው ከየእስር ቤቱ ደጃፍ የተመለሱ እናቶች በየመንደራችን አሉ፤ ቃሏ ምን እንደምትል አስተርጓሚ አንፈልግም። ነገር ግን እርስዎ ያሠሩት የጉብኝት ዋሻ እንጂ እስር ቤት አይደለም ብለውናል፤ እኔም የሊቀመንበሬን ቃል ማመን ስላለብኝ፣ ጎብኚ ስንቅ የማያስፈልገው ጉብኝቱን ሲጨርስ ብቻ ነው ብዬ ተርጉሜዋለሁ። ትርጉሜ ትክክል ከሆነ እስከ ነገ ማታ ቤቱ ይገኛል።

ካልተገኘ፣ ዋሻው የሕዝብ ሀብት መሆኑን በዚያ በሚያምር ንግግርዎ ስላረጋገጡልን፣ በቆፈርነው ዋሻ ውስጥ ገና ጉብኝት ያልደረሰን ብዙዎች ነን። የስፌት ማኅበራችን ሴቶች ለመጪው እሑድ ጠዋት የጋራ ጉብኝት ለማድረግ ተስማምተናል። የወፍጮ ቤቱ ሠራተኞችም ይህን ሰምተው ቱሪዝም አምሮናል ብለዋል። ኩራዝ እንይዛለን፤ ሰው ስቦ የሚያወጣ ረጅም ገመድ እንይዛለን፤ ጋቢውን ደግሞ ያን ዕለት ከወንበሩ አነሣዋለሁ። አስጎብኚ አያስፈልገንም፤ መቀርቀሪያው በውጭ በኩል ስለሆነ ለእኛ ለውጭዎቹ ለመክፈት አይቸግረንም። በአርቆ አሳቢነትዎ ያደረጉልንን ይህን ምቾት ሳላመሰግን አላልፍም።

እፈራለሁ፤ አልዋሽዎትም። ይህ ወረቀት ግድግዳው ላይ ሳይደርቅ ጌታሁን በራችን ላይ ቆሞ «ለአፍታ ነው» ሊለኝ እንደሚችል አውቃለሁ። እንዲያ ከሆነ ጋቢዬን ሳልይዝ አልወጣም። ደግሞም ከባለቤቴ ጋር አንድ ዋሻ የሚያስገቡኝ ከሆነ ያ ከሁሉ የሚበልጠው ውለታዎ ነው፤ ቢያንስ መኖሩን በእጄ ዳስሼ አውቃለሁ።

ለአገር ገጽታ፣ ለቱሪዝም ዕድገትና ለጨለማ መስፋፋት ያለመታከት የሚደክሙትን ክቡርነትዎን ረጅም ዕድሜ፣ ደረቅ ጫማና ጥሩ እንቅልፍ እየተመኘሁ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ፤ ቀና ስል ግን ዓይኔ በሩ ላይ ነው።

አብዮታዊ ሰላምታዬ ከአክብሮት ጋር ይድረስዎ

አጸደ ሀብተሥላሴ
ኮከብ የስፌት ሠራተኛ፣ የጎብኚው የአምሐ ሀብተማርያም ባለቤት

ግልባጭ፦
ለግድግዳ ጋዜጣችን አንባቢዎች በሙሉ
ለፓርቲው የአባላት ምልመላ ክፍል

እመለስበታለሁ ያልሁት ጭማሪ፦ ቦታ ተርፎኛልና ወደዚያች አንድ ደቂቃ ልመለስ። መብራቱ እንደ ጠፋ እጄን የያዘኝ እጅ የእርስዎ ነበር፤ ለቀናት ጥፍርዎ የሠራብኝን ምልክት ይዤ ዞሬያለሁ። ከዚያም በዚያ ሁሉ የውጭ አገር ሰው መካከል፣ «እመቤቴ ኪዳነ ምሕረት፣ ከዚህ ጉድጓድ አውጪኝ፤ ጃንጥላ አገባልሻለሁ!» ብለው ጮኹ። ብርቱካን ሳታስተረጉም ያለፈችው ይህችን ብቻ ነው። መብራቱ በራ፤ ወጡ፤ ስለቱ ግን ቀረ። እርስዎ በሥራ ብዛት እንደረሱት ገብቶኝ፣ ከአሥረኛው ዓመት በዓል ከተረፈው ቀይ ከፋይ በገዛ እጄ ጃንጥላ ሰፍቼ፣ ዙሪያውን ዘርፍ አድርጌበት፣ ሰኔ አሥራ ስድስት በኪዳነ ምሕረት ቀን በስምዎ አስገብቼልዎታለሁ። ቄሱ ጃንጥላውን ከፍ አድርገው፣ «ከጨለማ ጉድጓድ ስላወጣቻቸው፣ ከጓድ መሸሻ አየለ የተሰጠ ስለት» ብለው ሲያውጁ ምእመኑ በእልልታ ቅጥር ግቢውን ሞላው። በእርግጥ ያማረ ቀን ነበር። እኔ ደግሞ አጋጣሚውን ተጠቅሜ የአምሐን ስም በጸሎት እንዲያነሡልኝ ብለምናቸው፣ ቄሱ ጎንበስ ብለው፣ «ከሕያዋን ጋር ላንሣው ወይስ ከሙታን?» ብለው ጠየቁኝ። እስካሁን አልመለስሁላቸውም፤ መልሱ ያለው እርስዎ ዘንድ ነው።